ሰማያዊ ቆብ በሁለት ምሽግ መካከል

ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ አካባቢ የኢትዮጵያ ሚሊሻና የኤርትራ ወታደሮች ተታኮሱ፤ ሰው ሞተ። በስድስተኛው ቀን፣ ግንቦት 4፣ የኤርትራ ጦር ታንክና መድፍ አሰልፎ ባድመንና ዙሪያዋን ያዘ። ሁለቱን መንግሥታት ይመሩ የነበሩት ሰዎች ደርግን አብረው የወጉ ነበሩ። ከ1983 ወዲህ ድንበሩን መሬት ላይ ምልክት ሳያደርጉበት፣ ችግር ሲነሳ በደብዳቤና በኮሚቴ እየተነጋገሩ ነበር የኖሩት። ጓደኝነቱ ሲፈርስ በመካከል የሚገባ ሕግም ሆነ ሦስተኛ ወገን አልነበረም።

የውጭ ታዛቢ የሚለው ሐሳብ የመጣው ወዲያው ነው። አሜሪካና ሩዋንዳ በሱዛን ራይስና በፖል ካጋሜ በኩል ሽምግልና ጀመሩ። ሐሳባቸው የኤርትራ ጦር ከሚያዝያ 28 በፊት ወደነበረበት እንዲመለስ፣ ባድመ ላይ የቀድሞው የሲቪል አስተዳደር እንዲመለስ፣ አነስተኛ የታዛቢዎች ቡድንም እንዲሰፍር የሚል ነበር። ድንበሩ ከዚያ በኋላ በሕግ ይሰመራል። ኢትዮጵያ ተስማማች። ኤርትራ ግን የያዘችውን መሬት የራሷ ነው ብላ ታምናለችና ለታዛቢ ብላ የምትለቀው ምክንያት አልታያትም። ግንቦት 28 ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ የጣሉት ቦምብ የአይደርን ትምህርት ቤት መታ፤ ሕፃናትና ሊያነሷቸው የሮጡ ወላጆች አለቁ። በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ታዛቢ ማውራት ለሁለቱም ወገን ሕዝብ እንደ ስድብ ነበር።

ጥቅምት 1991 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዋጋዱጉ ያቀረበው የስምምነት ማዕቀፍ ከአሜሪካና ከሩዋንዳ ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ጦር ይመለሳል፣ ወታደራዊ ታዛቢዎች ይሰፍራሉ፣ ድንበር ይካለላል። ኢትዮጵያ አሁንም ተቀበለች፤ ኤርትራ ማብራሪያ ጠየቀች። ወራት አለፉ። የካቲት 16 ቀን ኢትዮጵያ ዘመቻ ፀሐይ ግባትን ከፈተች፤ በአራት ቀን ውስጥ የባድመ ምሽግ ተሰበረ። ከተማዋ ከእጇ በወጣች ማግሥት፣ የካቲት 20፣ ኤርትራ ማዕቀፉን መቀበሏን ለጸጥታው ምክር ቤት አሳወቀች። የወረቀቱ ቃል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጦሩ የቆመበት ቦታ ነው። ይህን ጦርነት ከዳር እስከ ዳር ስመለከተው፣ አንድ አገር የውጭ ወታደር በመሬቱ ላይ ለማየት የሚስማማው በጉልበት ሊይዘው የሚችለው ነገር ካለቀ በኋላ፣ ወይም በጉልበት የያዘውን በጉልበት ብቻ ማቆየት ከከበደው በኋላ ነው። የካቲት 1991 የመጀመሪያው በኤርትራ ላይ ደረሰ። ሁለተኛው በኢትዮጵያ ላይ የደረሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በመሃሉ ነገሩ ተገለበጠ። በ1991 ክረምት አልጀርስ ላይ ዝርዝር የአፈጻጸም ሰነድ ሲቀርብ ኤርትራ ፈጥና ፈረመች፤ ኢትዮጵያ ግን ጥያቄ ላይ ጥያቄ አነሳች፣ በመጨረሻም አልቀበልም አለች። ሰነዱ ጦሩ ከየትኛው ቦታ እንደሚለቅ የሚወስን ገለልተኛ ኮሚሽን አቁሟል። አዲስ አበባ ያየችው ግን ሌላ ነው። የኤርትራ ጦር ዛላንበሳን እንደያዘ ነው፤ መቼና ከየት እንደሚወጣ ቁርጥ ያለ ነገር ሳይኖር የውጭ ሰው መሃል ቢገባ የተያዘው መሬት እንደተያዘ ይቀራል። ይህ ስጋት መሠረት ነበረው። ሰላም አስከባሪ ሲመጣ ጦርነቱን ባገኘበት ቦታ ያደርቀዋል፤ መሬቱን ያጣ ወገን እንዲህ ባለ ቀን እሺ ካለ የጠፋበትን አጸደቀ ማለት ነው።

ግንቦት 4 ቀን 1992፣ ባድመ በተያዘች በሁለተኛ ዓመቷ፣ የኢትዮጵያ ጦር በምዕራብ ግንባር ተንቀሳቀሰ። ግንቦት 9 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1298 በሁለቱም አገሮች ላይ የአንድ ዓመት የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ፤ በማግሥቱ ባሬንቱ ተያዘች። ግንቦት 17 ዛላንበሳ ተመለሰች፤ አንድ ግድግዳ ሳይቀር የፈራረሰች ከተማ ነበረች። ጦሩ ሰንዓፈን ይዞ ወደ ደጋው ሲገሰግስ ግንቦት 23 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጦርነቱ ማብቃቱን አወጁ።

ያን ሰሞን በአዲስ አበባ ቡና ቤቶችና በጋዜጣ ገጾች ላይ የነበረውን ጭቅጭቅ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ለምን ቆምን? አሰብ ስልሳ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር ቀርቶን ለምን እንመለሳለን? ልጁን ቀብሮ የመጣ አባት ይህን ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? ጥያቄው መንግሥትንም ከውስጥ ነካ፤ በመጋቢት 1993 ሕወሓትን ለሁለት የከፈለው ጠብ አንዱ ሥሩ ጦርነቱ የተመራበትና የቆመበት መንገድ ነበር።

ሆኖም አሸናፊው የቆመበትን ምክንያት ቁጭ ብሎ ላሰበው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዓለም ስትናገር የኖረችው የተወረረች አገር መሆኗን ነው። ባሬንቱንና ሰንዓፈን ይዛ ብትቀመጥ ያ ንግግር በአንድ ወር ይገለበጥባት ነበር። የመሣሪያ በር ተዘግቷል፤ በዚያው ዓመት ጎዴና ዙሪያዋ ድርቅ ሰውና ከብት ይፈጅ ነበርና ረጂዎች ስንዴ እየሰጡ ስለ ጥይቱ ዋጋ ይጠይቃሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባዶውን ትቶ መውጣት አይቻልም። ጦሩ ዛሬ ከሰንዓፈ ቢወጣ ነገ የኤርትራ መድፍ እዚያው ተራራ ላይ ይቆማል፤ አዲግራትም ዛላንበሳም በመድፍ መመታት ምን እንደሆነ ያውቁታል። አንድ ሰው በመሃል መቆም ነበረበት።

ሰኔ 11 ቀን 1992 የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሥዩም መስፍንና ኃይለ ወልደትንሣኤ በአልጀርስ የፈረሙት የተኩስ አቁም ስምምነት ይህን ችግር የፈታው ለአሸናፊው በሚስማማ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ከሚያዝያ 28 ቀን 1990 በፊት ወደምታስተዳድረው መሬት ትመለሳለች። የኤርትራ ጦር ግን ከዚያ መስመር 25 ኪሎ ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ልኩ የተወሰደው ከመድፍ ርቀት ነው። በመሃል የሚቀረው ሰርጥ ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጣና ተባለ፤ በሙሉ ኤርትራ ታስተዳድረው በነበረው መሬት ላይ ያረፈ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር እዚያ ይሰፍራል፤ ድንበሩ ተካልሎ ምልክቱ ሲተከል ይወጣል። ለኢትዮጵያ ይህ ማለት የራሷን ወታደር ሳታሰፍር፣ ወራሪ ሳትባል፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ መከላከያ ማግኘት ነው። ባድመም በመስመሩ ደቡብ፣ በእጇ ቀረች።

ታዲያ ኤርትራ ይህን ለምን ፈረመች? ለሉዓላዊነቷ ሠላሳ ዓመት የተዋጋች አገር፣ ነጻነቷን በይፋ ካወጀች ገና ሰባት ዓመቷ፣ በገዛ መሬቷ ላይ ጦሯን እንዳታንቀሳቅስ ተስማማች። እዚህ ላይ በሐዘን ቆም ማለት ይገባል። በግንቦትና በሰኔ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ጋሽ ባርካ የአገሪቱ የእህል ጎተራ ነው፤ ክረምቱ እየገባ ነበር፤ ያን ሰሞን ያልዘራ ገበሬ ዓመቱን በእርዳታ እህል ሊኖር ነው። የኢትዮጵያን ጦር በውጊያ ማስወጣት አልተቻለም፤ በፊርማ ብቻ ነው የሚወጣው። ከዚህም ሌላ ስምምነቱ ለኤርትራ የሰጣት ተስፋ ነበረ። አንደኛው ወገን ቃሉን ቢያጥፍ የጸጥታው ምክር ቤት በቻርተሩ ምዕራፍ ሰባት እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። አስመራ ደግሞ ድንበሩ በቅኝ ግዛት ውሎች ከተካለለ እንደምትረታ እርግጠኛ ነበረች። ስለዚህ 25 ኪሎ ሜትሩን ለጊዜው አበደረች።

ከኤርትራ በፊት እንዲህ ያደረገች አገር ነበረች። በፈረንጆች 1956 እስራኤል፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ግብፅን ከወጉ በኋላ ጋማል አብደል ናስር የመጀመሪያውን የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር በሲና አስተናገደ፤ እስራኤል ግን በራሷ በኩል እንዲሰፍር አልፈቀደችም። ናስር የፈለገው የወራሪዎቹን ጦር የሚያስወጣለት፣ ሽንፈት የማያስመስል በር ነበር፤ አገኘውም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆች 1967 ግንቦት ላይ፣ ጦሩ እንዲወጣለት ጠየቀ፤ ዋና ጸሐፊው ኡ ታንት አስወጡት። በሳምንታት ውስጥ የስድስቱ ቀን ጦርነት ተነሳ። የውጭ ጦሩ በአንድ ወገን መሬት ላይ ብቻ ሲሰፍር የመቆያው ፈቃድ በዚያ አንድ ወገን እጅ እንደሚሆን ከዚያ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነበር።

የጸጥታው ምክር ቤት በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የሚሰፍረውን ተልዕኮ ሐምሌ 24 ቀን 1992 በውሳኔ 1312 አቋቋመ፤ መጀመሪያ አንድ መቶ ያህል ታዛቢዎች ብቻ ነበሩ። መስከረም 5 ቀን 1993 በውሳኔ 1320 ቁጥሩ 4,200 ደረሰ። ለኢትዮጵያ ይህ እንግዳ ነገር ነው። በኮሪያ፣ በኮንጎ፣ በሩዋንዳ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ወታደር የላከች አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ተቀባይ ሆነች። ታኅሣሥ 3 ቀን መለስ ዜናዊና የኤርትራው ፕሬዝዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ አልጀርስ ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድሊን ኦልብራይትና የአልጄሪያ ፕሬዝዳንት ቡተፍሊካ ባሉበት፣ የመጨረሻውን የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ድንበሩን የሚወስን አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ነው፤ የሚዳኘው ምኒልክና ጣሊያን በፈረንጆች 1900፣ 1902 እና 1908 በተፈራረሟቸው ውሎች ነው። መሬቱ ላይ ማን ይኖራል፣ ማን በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይቀብራል የሚለውን በርትዕ አመዛዝኖ የመፍረድ ሥልጣን ኮሚሽኑ አልተሰጠውም። ሁለቱም መሪዎች ይህን አውቀው ፈርመዋል፤ ሁለቱም ወረቀቱ ለእኔ ይፈርዳል ብለው ነው።

መጀመሪያ የደረሱት ሆላንዶችና ካናዳውያን ናቸው፤ በኋላ ዮርዳኖሶች በምዕራብ፣ ሕንዶች በመካከል፣ ኬንያውያን በምሥራቅ ሰፈሩ። ጦሩን ሆላንዳዊው ሜጀር ጄኔራል ፓትሪክ ካማርት አዘዙ፤ የተልዕኮው ኃላፊ የቦትስዋናው ሌግዋይላ ጆሴፍ ሌግዋይላ ነበሩ። የኢትዮጵያ ጦር በ1993 ክረምት ሳይገባ ለቅቆ ወጣ፤ ቀጣናው ሚያዝያ 10 ቀን በይፋ ተመሠረተ። ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ድንበር ላይ፣ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሁለት ጦሮች መካከል 4,200 ሰው ምን ያደርጋል ያለ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። ማስቆም አይችሉም። ሊያደርጉ የሚችሉት ማየት ነው፦ በሄሊኮፕተርና በመኪና እየዞሩ ምሽጉ ከትናንት ተጠግቶ እንደሆነ መመዝገብ፣ ፈንጂ መልቀም፣ ከሁለቱም ወገን የመጡ መኮንኖችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ማነጋገር። ለገበሬው ይህ ቀላል አልነበረም፤ ወደ ፈረሰ መንደሩ ተመልሶ ጎጆ የቀለሰው ተኩስ ስለቆመ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ድንበር ላይ ትልቅ ጦርነት አልተነሳም። ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ሁለቱ መንግሥታት ግን የተስማሙት በጦሩ መኖር እንጂ በነጻነቱ አልነበረም። ከአስመራ አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበርበት የአየር መስመር ላይ መስማማት አቅቷቸው የተባበሩት መንግሥታት አውሮፕላን በጅቡቲ ዞሮ ይሄድ ነበር።

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 በእንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ኤሊሁ ላውተርፓክት የሚመራው የድንበር ኮሚሽን ከዘ ሄግ ውሳኔውን አሰማ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአዲስ አበባም በአስመራም የድል መግለጫ ወጣ፤ የባድመ ስም በውሳኔው መስመር ላይ በግልጽ አልተጠቀሰም ነበርና። ዛላንበሳ ለኢትዮጵያ፣ ጾሮና ለኤርትራ ሆኑ፤ የኢሮብ ሕዝብ መሬት ለሁለት ተከፈለ። ቆየት ብሎ ነጥቦቹ በካርታ ላይ ሲያርፉ ባድመ ወደ ኤርትራ በኩል መውደቋ ታወቀ። ውሳኔው በተሰማበት ሰሞን ደግሞ ሰላም አስከባሪዎቹ ከአስመራ የመጡ ጋዜጠኞችን ያለ ኢትዮጵያ ፈቃድ ባድመ አስገቡ። ኢትዮጵያ ድንበሯን በተልዕኮው ላይ ዘጋች፤ ጄኔራል ካማርት እንዲነሱም ጠየቀች። ያ ጦር ለኢትዮጵያ ይጠቅም የነበረው ባድመን በእጇ እስካቆየላት ድረስ እንደነበር ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ።

መስከረም 8 ቀን 1996 መለስ ዜናዊ ለኮፊ አናን በጻፉት ደብዳቤ የባድመን ውሳኔ ሕግ የጣሰና ፍትሕ የጎደለው ብለው ተቃወሙ፤ ሌላ መንገድ እንዲፈለግም ጠየቁ። ኅዳር 16 ቀን 1997 በአምስት ነጥብ የሰላም ሐሳባቸው ውሳኔውን በመርህ ደረጃ ተቀበሉ፤ አፈጻጸሙ ግን በውይይት እንዲሆን ፈለጉ። ኤርትራ የምትወያይበት ነገር የለም አለች። በሕጉ ከሄድን ኤርትራ ትክክል ነበረች፤ የመጨረሻና አስገዳጅ የተባለ ውሳኔ እንደገና ድርድር አይገባበትም። ኢትዮጵያዊ ሆኜ ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ግን ፊርማችን እዚያ ላይ ነበር። በምዕራፍ ሰባት የተጻፈው ዋስትናም በተግባር አልታየም። የጸጥታው ምክር ቤት ማሳሰቢያ ላይ ማሳሰቢያ አወጣ እንጂ አንድ ምልክት እንኳ አላስተከለም።

የኤርትራን አመለካከት የለወጠው ይህ ነው። መሬቷን ያበደረችው ድንበሩ እንዲሰመር ነበር፤ ድንበሩ ካልተሰመረ ሰማያዊ ቆብ የለበሰው ወታደር የሚጠብቀው የኢትዮጵያን ይዞታ ነው። በመስከረም 1998 መጨረሻ የተልዕኮው ሄሊኮፕተሮች እንዳይበሩ ከለከለች፤ ታዛቢዎቹ ከቀጣናው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ማየት አቃታቸው። ኅዳር ላይ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1640 ክልከላው እንዲነሳ ሲጠይቅ፣ አስመራ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውሮፓና የሩሲያ ዜጎች የሆኑ የተልዕኮ ባልደረቦች አገሯን ለቀው እንዲወጡ አዘዘች። በጥቅምት 1999 ኤርትራ 1,500 ያህል ወታደሮችና 14 ታንኮች ወደ ቀጣናው አስገባች። የጸጥታው ምክር ቤት ጦሩን ከዚህ ቀደም ብሎ ወደ 2,300፣ ከዚህ በኋላ ደግሞ ወደ 1,700 ቀነሰው፤ አቅም ሲያንስ የሚደረገው ይኸው ነው።

ኅዳር 20 ቀን 2000 የድንበር ኮሚሽኑ መሬት ላይ መሥራት ስላልተቻለ ድንበሩን በካርታ ነጥቦች ብቻ አስፍሮ ሥራዬን ጨርሻለሁ አለ። ኤርትራ ይህን ተቀበለች፤ ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። በእነዚያው ቀናት ኤርትራ ለሰላም አስከባሪዎቹ የምትሰጠውን ነዳጅ አቋረጠች። በየካቲት ጦሩ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ሊዛወር ሲሞክር ድንበር ላይ ታገደ፤ ያለፉት ጥቂት መኪኖች ብቻ ናቸው። የቀሩት አስመራ ተሰብስበው ወደየአገራቸው በረሩ። ተልዕኮው ሐምሌ 24 ቀን 2000 በውሳኔ 1827 ተዘጋ፤ በተቋቋመ በስምንት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። ያልተሰመረው ድንበር ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት በምሽግ ኖረ፤ ኢትዮጵያ የአልጀርስን ስምምነት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለችው በግንቦት 2010 ነው።

ከዚያ በፊት ግን የኢትዮጵያ ሚና ተገላብጧል። ግንቦት 2003 የሱዳን ጦር ሰሜንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡባትን አብዬን ያዘ፤ ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ልታውጅ ሁለት ወር አልቀራትም። ሰኔ 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ፣ የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዝዳንት ታቦ ምቤኪና መለስ ዜናዊ ባሸማገሉት ስምምነት፣ ካርቱምም ጁባም አብዬን ከጦር ነጻ አድርገው የኢትዮጵያ ወታደር ብቻ እንዲገባ ፈረሙ። ከሳምንት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1990 ይህን አጸደቀ፤ የጦሩ ቁጥር 4,200 ነበር። ካርቱም የምዕራባውያንን ጦር በመሬቷ ላይ ማየት አትወድም፤ ጁባ ያለ ጠባቂ መቅረት ትፈራለች፤ አዲስ አበባ ለሁለቱም ጎረቤት ናት፣ በሁለቱ ጠብ አታተርፍም ተብላ ታመነች። የኢትዮጵያ ወታደሮች አሥር ዓመት በአብዬ ቆዩ።

በ2013 የሱዳን ጦር በአል ፋሽቃ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ወደሚያርሱት መሬት ገባ፤ የህዳሴው ግድብ ክርክርም ጦፈ። በዚያው ዓመት የሱዳን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መርየም አል ማህዲ በምሥራቅ ድንበራችን የኢትዮጵያ ጦር ተከማችቶ ሳለ በአገራችን መሃል የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪ ሊኖር አይገባም ብለው እንዲተኩ ጠየቁ። ነሐሴ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ተስማማ፤ በ2014 የኢትዮጵያ ሻለቆች አብዬን ለሌሎች አገሮች ጦር አስረክበው ወጡ።